የዝናብ ልመናው ለምን በዲሴምበር 4 ምሽት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው እስራኤል ነው። ልጄ ለሥራ ወደ አሜሪካ ሄዷል። እኛ እዚህ በዕለታዊ ጸሎታችን ውስጥ ‹ጠልና ዝናብ ስጥ› ማለት የምንጀምረው በሄሽቫን ወር 7ኛ ቀን ነው። ልጄ የሚጸልይበት ምኩራብ ግን ዲሴምበር 4 እስኪመሽ ድረስ አይለውም። በዓሎቻችን ሁሉ በጨረቃ ወር ሲቆጠሩ ይህ ልመና ብቻ በፈረንጅ ቀን የሚያዘው ለምንድን ነው? ከክርስቲያኖች አቆጣጠር የተወሰደ ነው የሚሉም ሰምቻለሁ። እናቴ ደግሞ ጎንደር ሳለን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም ትላለች። ልጄስ የትኛውን ይያዝ?»

ምላሽ፦

ቀኑ ከፈረንጅ አልተወሰደም፤ ከክርስቲያኖችም አልመጣም። ምንጩ በ3ኛው መቶ ዘመን በባቢሎን የኖረ አንድ የአይሁድ ሊቅ ስሌት ነው። ያ ስሌት የቆመበት የዓመት ርዝመት ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ዛሬም የምንቆጥርበት ነው። ስለዚህ በፈረንጆቹ ካላንደር አንዴ ዲሴምበር 4፣ አንዴ ዲሴምበር 5 እየሆነ የሚያደናግረው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲታይ ቁርጥ ያለ ነው፤ በየዓመቱ ኅዳር 25 ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀመራል። ይህን ራስዎ ቆጥረው እንዲያረጋግጡ ከታች አሳይዎታለሁ። መጀመሪያ ግን ልመናው ራሱ ከየት እንደ ተነሣ ልናገር፤ በእርስዎና በልጅዎ መካከል ያለው ልዩነት ሥሩ እዚያ ነውና።

በዕለታዊው ጸሎት ስለ ዝናብ የሚነገረው በሁለት ቦታ ሲሆን ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃቸዋል። ቆመው በሚጸልዩት በዓሚዳ ሁለተኛ ቡራኬ ውስጥ እግዚአብሔር «ነፋስን የሚያነፍስ፣ ዝናብን የሚያወርድ» ተብሎ ይወደሳል። ይህ ውዳሴ ብቻ ነው፤ ልመና የለበትም። ከዳስ በዓል መዝጊያ፣ ከሽሚኒ ዓጼሬት ጀምሮ እስከ ፋሲካ የመጀመሪያ ቀን ይባላል፤ በኢየሩሳሌምም ሆነ በኒው ዮርክ በአንድ ቀን ይገባል፣ በአንድ ቀን ይወጣል። ሁለተኛው ለዓመቱ በረከት በሚለመንበት በዘጠነኛው ቡራኬ ውስጥ የሚገባው «ለበረከት ጠልና ዝናብ ስጥ» የሚለው ነው። የተለያያችሁት በዚህ ብቻ ነው። የጸሎት መጽሐፉን ዘጠነኛው ቡራኬ ላይ ቢገልጡ ጉዳዩን በዓይንዎ ያዩታል። በአሽከናዝ፣ ማለትም በመካከለኛውና በምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ሥርዓት በታተሙት መጻሕፍት በቡራኬው መካከል ሁለት አጫጭር ሐረጎች ተከታትለው ይገኛሉ፤ አንዱ የበጋ፣ ሌላው የክረምት ነው። በሴፋራድ፣ ማለትም ከስፔን በመጡት አይሁድ ሥርዓት ደግሞ ቡራኬው ራሱ ሁለት ነው፤ የበጋው አጭር፣ የክረምቱ ረዘም ያለ። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያው ቀን በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ያገኙታል።

በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ በተጠናቀረው የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ፣ በሚሽና ውስጥ ስለ ጾምና ስለ ድርቅ የሚናገረው ተዓኒት የተባለው ክፍል የሚከፈተው በዚሁ ጥያቄ ነው፤ የዝናብን ኃይል ማውሳት የሚጀመረው መቼ ነው? ራቢ ኤሊዔዘር ከዳስ በዓል የመጀመሪያ ቀን ነው አሉ፤ ራቢ ኢያሱ ከመጨረሻው ቀን ነው አሉ። የራቢ ኢያሱ ክርክር ለማንም ግልጽ ነው፤ በዳስ በዓል ዝናብ የእርግማን ምልክት ነው፤ ታዲያ ለምን ይነሣል? ሰው ከቤቱ ወጥቶ በቅጠል ጣሪያ ሥር እንዲቀመጥ በታዘዘበት ሳምንት ዶፍ ቢወርድ ትእዛዙን መፈጸም አይችልም። ሌላው የሚሽና ክፍል ይህን ሲገልጽ ለጌታው ጽዋ ሊቀዳ የመጣ አገልጋይ ጌታው ማድጋውን ፊቱ ላይ ቢደፋበት ምን ይሰማዋል ይላል። ራቢ ኤሊዔዘር የመለሱት መልስ ለእኛ ጥያቄ መሠረት ነው፤ እኔ ማውሳት አልሁ እንጂ መለመን አላልሁም አሉ። በማውሳትና በመለመን መካከል ያለው ድንበር የተሰመረው ከዚህ ነው።

ልመናው መቼ ይጀመር ለሚለው ሚሽናው ሁለት ቀኖች ያቀርባል። አንደኛው ሄሽቫን 3 ነው። ሁለተኛው የራባን ገማልኤል ቃል ሲሆን ሄሽቫን 7 ነው፤ ከበዓሉ በኋላ 15ኛው ቀን ማለት ነው። ምክንያቱንም ሚሽናው ራሱ ይናገራል፤ ከእስራኤል ወገን የመጨረሻው መንገደኛ ኤፍራጥስ ወንዝ እስኪደርስ ድረስ። ሚሽናን የሚያብራራው ታልሙድ የተቀበለው ይህን ሁለተኛውን ቃል ነው፤ እርስዎም ዛሬ እስራኤል ውስጥ የሚጠብቁት እርሱን ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። ለዳስ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣው ሕዝብ ከቅርብም ከሩቅም ነበር። ከሁሉ የሚርቀው ከባቢሎን የሚመጣው ነው፤ ቤቱ ከኤፍራጥስ ማዶ ነው። በዓሉ ከሄሽቫን በፊት ባለው ወር፣ በቲሽሪ 22 ሲያበቃ ልጆቹን፣ አህዮቹንና ስንቁን ይዞ ይነሣል። ዝናብ ከያዘው መንገዱ ይጨቀያል፣ ደረቅ የነበረው ሸለቆ በአፍታ ጎርፍ ይሞላል፣ ሌሊቱን የሚያድርበት ደረቅ መሬት ያጣል። በሌላ በኩል የይሁዳና የገሊላ ገበሬ አለ። ከፋሲካ ወዲህ ጠብታ አላየም። የውኃ ጉድጓዱ አልቋል፤ መሬቱ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ካልወረደ ማረስም መዝራትም አይችልም። በኦሪት ዘዳግም «የፊተኛውንና የኋለኛውን ዝናብ» ተብሎ ተስፋ የተሰጠው ምድሪቱ እንደ ግብፅ በመስኖ የምትጠጣ ስላልሆነች ነው። ይህ ገበሬ ሁለት ሳምንት እንዲጠብቅ ተጠየቀ፤ አንድ የማያውቀው ሰው ከነቤተሰቡ ሳይበሰብስ አገሩ እንዲገባ። ሥርዓቱ የተሠራው ለዚያ ለመጨረሻው መንገደኛ ተብሎ ነው። ስለ ጸሎት ሥርዓቶች ታሪክ ካነበብሁት ሁሉ እንደዚህ የነካኝ ጥቂት ነው።

ቤተ መቅደሱ በ70 እ.ኤ.አ. ፈርሶ መንገደኛው ሲቀር ቀኑ ለምን አልተለወጠም? በ14ኛው መቶ ዘመን በባርሴሎና የኖሩት የጌሮናው ራቢ ኒሲም ሲመልሱ፣ ከጥፋቱ በኋላም ቢሆን ሰዎች በበዓላት ከየአካባቢው ወደ ኢየሩሳሌም ይሰበሰቡ ነበር ብለዋል። ስለዚህ የእስራኤል ምድር ቀን በሄሽቫን 7 ጸና።

አሁን ኤፍራጥስን ተሻግረን ወደ ባቢሎን እንሂድ፤ የልጅዎ ቀን የተወለደው እዚያ ነውና። የባቢሎን ምድር ዝቅ ያለ ሜዳ ነው። ኤፍራጥስና ጤግሮስ በቦይ እየተጠለፉ ያጠጡታል። ራቭ የተባሉት ታላቅ ሊቅ «ባቢሎን ባለጸጋ ናት፤ ያለ ዝናብ ታጭዳለች» ማለታቸው በታልሙድ ተጽፏል። እንዲህ ላለ አገር በሄሽቫን መጀመሪያ ዝናብ መለመን አያስቸኩልም። ስለዚህ ሐናንያ የተባሉ ሊቅ፣ በስደት ምድር ልመናው የሚጀመረው ወቅቱ በገባ በ60ኛው ቀን ነው ብለው አስተማሩ። ታልሙዱ ይህንኑ ይዞ መጀመሪያ ያነሣኋቸው የባቢሎን ሊቅ ሽሙኤል እንደ ሐናንያ መፍረዳቸውን ይነግረናል።

ወቅት ሲባል አንድ የተወሰነ ነገር ነው። አይሁድ ዓመቱን ፀሐይ በምታደርገው ጉዞ በአራት ይከፍሉታል፤ የእያንዳንዱን መባቻ ተቁፋ ይሉታል። አራቱም በየወራቸው ስም ይጠራሉ፤ የቲሽሪ፣ የቴቬት፣ የኒሳንና የታሙዝ ተቁፋ። የልመናው 60 ቀን የሚቆጠረው በመጸው ቀንና ሌሊት ከሚተካከሉበት ከቲሽሪ ተቁፋ ነው። ለምን በጨረቃ ወር አልተቆጠረም ለሚለው መልሱ እዚሁ ውስጥ አለ። የዕብራውያን ወር በጨረቃ ስለሚሄድ ከፀሐይ ጋር ሲተያይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እስከ አንድ ወር ይዋዥቃል። ዘር፣ ቦይና ዝናብ ግን የፀሐይ ጉዳይ ናቸው። በእስራኤል ምድር ቀኑን የወሰነው ከበዓል የሚመለስ መንገደኛ በመሆኑ የበዓሉን ወር ተከተለ፤ በባቢሎን የወሰነው እርሻው በመሆኑ ፀሐይን ተከተለ።

ሽሙኤል የኖሩት በኤፍራጥስ ዳር በነበረችው በነሀርዴዓ ከተማ ነው፤ ያረፉት በ254 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ሐኪምም የሰማይ ሊቅም ነበሩ። የሰማይ መንገዶች እንደ ነሀርዴዓ መንገዶች ግልጥ ሆነው ይታዩኛል ማለታቸው ይታወቃል። የእርሳቸው ዓመት 365 ቀን ከ6 ሰዓት ነው፤ ለአራት ሲካፈል እያንዳንዱ ወቅት 91 ቀን ከ7 ሰዓት ተኩል ይሆናል። 365 ቀን ከሩብ ማለት የዩልዮስ ቄሣር ዓመት ነው። የእስክንድርያም፣ ከእርሷ የተቀበልነው የኢትዮጵያም ዓመት ይኸው ነው።

እንግዲህ ይቁጠሩ። የሽሙኤል የቲሽሪ ተቁፋ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 27 ይውላል። ይህን ቀን አንድ ብለው ይጀምሩ፤ እስከ መስከረም 30 አራት ቀን ነው። የጥቅምት 30 ሲጨመር 34። የኅዳር 26 ሲጨመር 60። ስድሳኛው ቀን ኅዳር 26 ነው ማለት ነው። የአይሁድ ቀን ደግሞ የሚገባው በዋዜማው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ፣ ልመናው የሚጀመረው ኅዳር 25 በምሽቱ ጸሎት ነው።

ቀኑ የማይነቃነቀው ለምን እንደ ሆነ ለማየት ወደ ሰዓቱ እንጠጋ። ታልሙድ የቲሽሪ ተቁፋ የሚገባው በ3 ሰዓት ወይም በ9 ሰዓት ነው፣ በቀንም ይሁን በሌሊት ይላል። አውሮፓዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሒሳብ መሥራት አለበት፤ የእኛ ሰው ግን ሰዓቱን የሚቆጥረው እንደ ታልሙዱ ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ስለሆነ እንደ ተጻፈ ያነበዋል። ዓመቱ ከሙሉ ቀኖች 6 ሰዓት ስለሚተርፈው ተቁፋው በየዓመቱ 6 ሰዓት ይገፋል፤ በአራት ዓመት አንድ ሙሉ ቀን ይሞላል። ያችን ቀን እኛ ጳጉሜን 6 ብለን እናስገባታለን። ከወንጌላውያን ዘመን ጋር ቢያስተያዩት እንዲህ ይወጣል፤ በዘመነ ዮሐንስ መስከረም 26 ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በዘመነ ማቴዎስ መስከረም 27 ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በዘመነ ማርቆስ በዚያው ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በዘመነ ሉቃስ ከቀኑ 9 ሰዓት። የመጀመሪያው በ26 ምሽት ቢሆንም በአይሁድ ቆጠራ ሌሊቱ የሚቀጥለው ቀን ነውና 27 ተብሎ ይያዛል። ከሉቃስ በኋላ ጳጉሜን 6 ገብታ ዑደቱ ወደ ዮሐንስ ይመለሳል። 2018 ዓ.ም. ዘመነ ማርቆስ ነው፤ ተቁፋው መስከረም 27 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነበር። 2019 ሉቃስ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ የነበረ ሁሉ ይህን ሰንጠረዥ ሳያጠና ሊሞላው ይችላል።

ፈረንጆቹ ጋ ቀኑ የሚዋዥቀው በሁለት ምክንያት ነው። ትንሹ ምክንያት የተጨማሪዋ ቀን ቦታ ነው። እነርሱ የሚያስገቧት በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ እኛ ቀደም ብለን በጳጉሜን ስለሆነ በዘመነ ዮሐንስ ኅዳር 25 ዲሴምበር 5 ላይ ይውላል፤ በቀሩት ሦስት ዘመኖች ዲሴምበር 4 ነው። ለምሳሌ በ2023 እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ነበር፤ በ2027ም እንዲሁ ይሆናል። ትልቁ ምክንያት ግን በ1582 የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ ያደረጉት የካላንደር ለውጥ ነው። ያን ዓመት ከኦክቶበር 4 በኋላ የነጋው ኦክቶበር 15 ተባለ፤ አሥር ቀን ተዘለለ። ከዚያ ወዲህም በ1700፣ በ1800 እና በ1900 አንዳንድ ቀን ቀንሰዋል። ከለውጡ በፊት የልመናው መጀመሪያ ኖቬምበር 21 ምሽት ነበር። ከ1582 በኋላ ዲሴምበር 1 ሆነ፤ ከ1700 በኋላ 2፣ በ19ኛው መቶ ዘመን 3፣ ከ1900 ወዲህ 4። ከ2100 በኋላ ደግሞ ዲሴምበር 5 ይሆናል። በ1800ዎቹ የታተመ የጸሎት መጽሐፍ ዲሴምበር 3 ቢል የማተሚያ ስሕተት አይምሰልዎ። የተንቀሳቀሰው የፈረንጆቹ ካላንደር ነው፤ ልመናው ባለበት ቆሟል። ከክርስቲያኖች ተወሰደ ለሚሉዎት ይህን ያሳዩአቸው፤ ከጎርጎርዮስ ካላንደር ተወስዶ ቢሆን ኖሮ በየመቶ ዓመቱ ባልተዛወረ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ አንባቢ ሌላም ነገር ያስተውል ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ክረምት መስከረም 25 ወጥቶ ዘመነ መጸው የሚገባው መስከረም 26 ነው፤ ከሽሙኤል ተቁፋ አንድ ቀን ብቻ ይቀድማል። ይህን አይቶ አንዱ ከሌላው ተቀዳ ማለት ግን ችኮላ ነው። የእኛ አራቱ ወቅቶች ሁሉም በየወሩ 26 ይገባሉ። የሽሙኤል ግን 91 ቀን ከ7 ሰዓት ተኩል እየተደመረ ስለሚሄድ የኒሳኑ መጋቢት 29 ወይም 30 ላይ ይደርሳል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የዓመቱ ርዝመት ነው። ይህ ርዝመት በሌላም የአይሁድ ሥርዓት ላይ ይታያል፤ በየ28 ዓመቱ ፀሐይ በተፈጠረችበት ቦታ ትመለሳለች ተብሎ የሚደረሰው የፀሐይ ቡራኬ በ2009 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ተደርሷል፤ የሚቀጥለውም ኤፕሪል 8 ቀን 2037 ነው። ሁለቱም በእኛ መጋቢት 30 ናቸው፤ 28ቱ ዓመትም በባሕረ ሐሳብ ዐውደ ፀሐይ የምንለው ነው።

ስሌቱ ከሰማይ ጋር ይገጥማል ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ በሽሙኤል ዘመን በአንድ ቀን ገደማ ልዩነት ይገጥም ነበር። ዛሬ አይገጥምም። እውነተኛው የፀሐይ ዓመት ከ365 ቀን ከ6 ሰዓት በ11 ደቂቃ ያህል ያንሳል፤ ይህ ትርፍ በየ128 ዓመቱ አንድ ቀን ይሞላል። በመጸው ቀንና ሌሊት የሚተካከሉት ሴፕቴምበር 22 ወይም 23 ሲሆን የሽሙኤል ተቁፋ ኦክቶበር 7 ነው፤ ሁለት ሳምንት ዘግይቷል። ሊቃውንቱ ይህን አላጡትም። በራቭ አዳ ስም የሚጠራ ሌላ የዓመት ልክ አለ፤ 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ገደማ ሲሆን ከሽሙኤል ይልቅ ለእውነተኛው ይቀርባል፤ የ19 ዓመቱ የዕብራውያን ካላንደር ዑደትም የቆመው በዚሁ ነው። ለዝናብ ልመና ግን የሽሙኤል ቀላል ቁጥር ተያዘ። እንደ እኔ ግምት ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ማንኛውም መንደር መጽሐፍም መሣሪያም ሳይፈልግ ሊቆጥረው የሚችለው እርሱን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የባቢሎን ቀን ከባቢሎን ውጭ ምን ሥራ አለው የሚለው ነው። ስፔን ባቢሎን አይደለችም፤ ፖላንድም አይደለችም። ሆኖም የባቢሎን ታልሙድ የሕዝቡ ሁሉ መመሪያ ሲሆን የባቢሎን ገበሬ ቀንም አብሮ ተጓዘ። «በስደት ምድር» የሚለው የሐናንያ ቃል ከእስራኤል ውጭ ያለ ሁሉ ተብሎ ተያዘ። በዚህ ላይ ጠንክረው የተነሡት ራቢ አሸር ቤን ይሒኤል ናቸው። በጀርመን ተወልደው፣ ስደት ገፍቷቸው በ1305 ቶሌዶ ስፔን የገቡ፣ በዘመናቸው ከነበሩት ሊቃውንት ስማቸው የገነነ ሰው ናቸው። በ1313 ክረምቱ ያለ ዝናብ አለፈ። እርሳቸውም ስፔን ባቢሎን አይደለችም፤ እዚህ የሚዘራው ቀደም ብሎ ነው፣ ዝናቡ የሚያስፈልገውም ከፋሲካ አልፎ ነው፤ ስለዚህ እንደ እስራኤል ምድር ከሄሽቫን 7 እንጀምር፣ ስናቆምም እንዘግይ ብለው ተከራከሩ። በፕሮቫንስ በሄሽቫን የሚለምኑ ማኅበሮች ማየታቸውንም አስረጅ አድርገው አቀረቡ። ከእርሳቸው በፊት የ12ኛው መቶ ዘመን ታላቅ ሊቅ ራምባም (ማይሞኒደስ) በሚሽና ማብራሪያቸው፣ ይህ ቀን ለእስራኤልና እርሷን ለሚመስሉ አገሮች ነው፤ ሌሎች ግን በሚያስፈልጋቸው ጊዜ ይለምኑ ብለው ጽፈው ነበር።

የራቢ አሸር ክርክር በማስረጃ የተሞላ ነው፤ እኔ ሳነበው ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ተቀባይነት ግን አላገኙም። ሕዝቡ አባቶቹ የጸለዩበትን ቀን አልለቀቀም። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ራቢ ዮሴፍ ካሮ የሕጉን መጽሐፍ ሲያዘጋጁ፣ በእስራኤል ሄሽቫን 7፣ በስደት ምድር 60ኛው ቀን የሚለው እንደ ተቆረጠ ነገር ገባ።

ይሁን እንጂ ሕጉ የራቁትን አገሮች ጨርሶ አልዘጋባቸውም። የነነዌ ሰዎች ሚሽናን ወዳጠናቀሩት ወደ ራቢ ይሁዳ ሃናሲ የላኩትን ጥያቄ ታልሙድ አቆይቶልናል፤ እኛ በታሙዝም ወቅት እንኳ ዝናብ የሚያስፈልገን ሰዎች እንደ ግለሰብ እንለምን ወይስ እንደ ማኅበር? መልሱ እንደ ግለሰብ ነው፤ «ጸሎትን የሚሰማ» በሚለው በ16ኛው ቡራኬ ውስጥ ለምኑ ተባሉ። በ17ኛው መቶ ዘመን በብራዚል የሰፈሩ አይሁድ ከምድር ወገብ በታች ወቅቱ ስለ ተገለበጠባቸው ወደ ሳሎኒካው ራቢ ሐዪም ሻብታይ ጽፈው ጠየቁ። እርሳቸውም ዝናብ በሚጎዳበት ጊዜ በዘጠነኛው ቡራኬ አትለምኑ፤ በሚያስፈልጋችሁ ወራት ግን እንደ ነነዌ ሰዎች በ16ኛው ውስጥ ለምኑ ብለው መለሱ። ከአሜሪካ ምድር ለራቢ ከቀረቡ ጥያቄዎች የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ ያሉ አብዛኞቹ ማኅበሮች ግን የተለመደውን ቀን ይይዛሉ።

ወደ እናትዎ ቃል ልምጣ። እውነታቸውን ነው። ሚሽናና ታልሙድ ወደ ቤተ እስራኤል አልደረሱም ነበር፤ ቄሶቻችን በግዕዝ የሚያደርሱት ጸሎትም የዓሚዳው 19 ቡራኬ የለበትም። ስለዚህ በጎንደር ሄሽቫን 7ም ሆነ ኅዳር 25 ለዝናብ ልመና የተለዩ ቀኖች አልነበሩም። ዛሬ በጎንደርና በአዲስ አበባ በራቢዎች ሥርዓት የሚጸልዩት የሚገቡት በስደት ምድር ሕግ ውስጥ ነው፤ ቀናቸውም እንደ ልጅዎ ነው። የጎንደርን ኅዳር ያዩ ግን ችግሩን ያውቁታል። ጤፉ የሚታጨድበት፣ ክምሩ ሜዳ ላይ ያለበት ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ የመጣ ዝናብ የዓመቱን ልፋት ያበሰብሳል። ገበሬው ሰማይ ሰማይ የሚያየው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ይኸውም የነነዌ ሰዎች የጠየቁበት የታሙዝ ወቅት ነው። የተሰጣቸው መልስም ለዚያ አገር ይሠራል፤ በሰኔ ዝናብ ቢዘገይ በ16ኛው ቡራኬ ውስጥ መለመን ይቻላል።

ልጅዎ ኑሮውን አሜሪካ ካደረገ የአገሩን ቀን ይያዝ፤ ኅዳር 25 ምሽት ይጀምር። ምሽቱ ዓርብ ላይ ከዋለ በሰንበት ይህ ልመና ስለማይነገር ቅዳሜ ማታ ይጀመራል፤ በ2019 ዓ.ም. የሚሆነው እንደዚህ ነው። ለጥቂት ወራት ብቻ ሄዶ የሚመለስ ከሆነ፣ ቤቱም እስራኤል ከሆነ፣ በሄሽቫን 7ና በኅዳር 25 መካከል ምን ያድርግ በሚለው ሊቃውንት ይለያያሉ። ብዙዎች የሚመክሩት መካከለኛ መንገድ ግን አለ፤ በዘጠነኛው ቡራኬ ከአካባቢው ማኅበር ጋር ይሁን፣ የራሱን የዝናብ ልመና ደግሞ በ16ኛው ውስጥ ያስገባ። ማኅበሩን እየመራ ጮክ ብሎ ሲጸልይ ግን የማኅበሩን ቀን ይጠብቃል። ከጀመረ በኋላ ረስቶ ቢያልፈው 16ኛው ቡራኬ ላይ ሳለ ካስታወሰ እዚያው ይበለው፤ ጸሎቱን ከጨረሰ በኋላ ካስታወሰ ዓሚዳውን ይደግማል። የመመለሻው ቀን በዚህ መካከል ከሆነ ከመሄዱ በፊት ራቢውን ይጠይቅ፤ መልሱ የሚወሰነው ቤተሰቡ የት እንዳለና ስንት ጊዜ ለመቆየት እንዳሰበ ነው።